በጣና ደሴት ላይ ድፎ ዳቦን በእንጨት እሳት አብሮ መጋገር

ለንግሥ ወይም ለማኅበር ወደ ጣና ደሴቶች የሚሻገሩ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ድፎውን ባሕር ዳር ጋግረን በጀልባ እንውሰድ ወይስ እዚያው እንጋግር?» መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ እዚያው ጋግሩ። ትኩስ ዳቦ ተጠቅልሎ ጀልባ ላይ ሰዓታት ሲቆይ ያልበዋል፣ ቅርፊቱም ይለሰልሳል። ማዕበል ከረጨው ደግሞ አለቀለት። ዱቄት ግን በደንብ ከታሰረ የትም ይደርሳል። ከዚያ «እንዴት?» የሚለው ስለሚከተል፣ ሙሉውን እዚህ አስቀምጬላችኋለሁ።

መመሪያው የተጻፈው ደቅን በማሰብ ነው። ደቅ የጣና ትልቁ ደሴት ነው። ገበሬዎች የሚኖሩበት ስለሆነ ምጣድ የሚያውሳችሁ፣ ኮባ የሚቆርጥላችሁ፣ እሳት የሚያውቅ ሰው አታጡም። ሌላ ደሴት ከሆነም አሠራሩ ያው ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ አጣሩ። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ባሉ ገዳማት ሴቶች አይገቡም። ዝክሩ እዚያ ከሆነ ወይ ወንዶቹ ይጋግራሉ፣ ወይ ዳቦው ሌላ ቦታ ተጋግሮ ይሻገራል። ይህን መነጋገር ያለባችሁ ጀልባ ሳትሳፈሩ ነው።

ለስንት ሰው ስንት ዱቄት

በ4 ኪሎ ዱቄት የተጋገረ አንድ ድፎ ከ35 እስከ 40 ሰው ያዳርሳል። ለ100 ሰው ሦስት ድፎ አስቡ። ከ4 ኪሎ በላይ በአንድ ምጣድ አትሞክሩ። ሊጡ ሲወፍር መሃሉ እስኪበስል ጠርዙ ያርራል። ትልቅ አንድ ከምትጋግሩ መካከለኛ ሁለት ጋግሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለአንድ ድፎ)

- የስንዴ ዱቄት፣ 4 ኪሎ። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ከነገለባው የተፈጨ ቢሆን ጣዕሙ ይጥማል። በተጨማሪ ለእጅና ለገበቴ ግማሽ ኪሎ ያዙ።
- ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ 3 ሊትር። ሁሉም ላያስፈልግ ይችላል።
- እርሾ፣ ግማሽ ሊትር ያህል። ከሌለ 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ።
- ጨው፣ 4 የሾርባ ማንኪያ።
- ዘይት፣ አንድ ብርጭቆ። ግማሹ ለሊጡ፣ ግማሹ ለቅጠሉ።
- ጥቁር አዝሙድ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ የተፈጨ ኮረሪማ 1 የሾርባ ማንኪያ። ነጭ አዝሙድ እንደወደዳችሁ።
- የኮባ ቅጠል፣ ከ6 እስከ 8 ትልልቅ። ኮባ ከታጣ የሙዝ ቅጠል ይሆናል።
- የተሟሸ፣ ጠርዝ ያለው የዳቦ ምጣድ፣ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር አካባቢ።
- ከላይ ፍም የሚሸከም ብረት ምጣድ ወይም ሁለተኛ የሸክላ ምጣድ።
- ቡሃቃ ወይም ትልቅ ገበቴ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሰፌድ።
- ደረቅ እንጨት፣ ጭራሮ፣ ኩበት ከተገኘም ኩበት።
- እጀታው ረጅም የሆነ አካፋ፣ ወፍራም ጨርቅ፣ አንድ ባልዲ ውኃ፣ አንድ ባልዲ አሸዋ።

ዱቄቱን በሁለት ፌስታል ደርባችሁ እሰሩና ከዚያ ጆንያ ውስጥ ክተቱት። ጀልባ ላይ ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ውኃ የሚጠራቀመው ወለሉ ላይ ነው። ሐይቁ ጠዋት ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ስለዚህ ከዋዜማው ዕለት ጠዋት ተሻገሩ።

ሥራውን መከፋፈል

አብሮ መጋገር የሚያምረው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሥራ ሲያውቅ ነው። አንድ ሰው የእሳቱ ኃላፊ ይሁን። ሌላው ሁሉ ሊቀያየር ይችላል፣ የእሳቱ ሰው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ይሁን። ምክንያቱም አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንጨት የሚጨምርበት እሳት ዳቦ ያሳርራል። ድፎን በብዛት የሚያበላሸው ሊጡ ሳይሆን እሳቱ ነው። የደሴቱ እናቶች ፈቃደኛ ከሆኑ ይህን ቦታ ለእነርሱ ስጡ፤ ምድጃውንም ነፋሱንም ከእናንተ በላይ ያውቁታል። ሁለት ሰው ያቡካ፣ አንድ ሰው ቅጠል ያዘጋጅ፣ ሁለት ሰው እንጨትና ውኃ ያቅርብ። ልጆች ኮባ ይጥረጉ። እሳት አጠገብ ግን አይድረሱ።

አሠራሩ

1. ውኃውን ከዋዜማው አፍሉ። የጣና ዳርቻ፣ በተለይ ሣርና ደንገል ያለበት፣ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩበት ነው። በሽታው በቆዳ ነው የሚገባው። ስለዚህ ውኃ ለመቅዳት እግራችሁን አትንከሩ። ከጀልባ ላይ ሆናችሁ፣ ከዳርቻው ራቅ ካለ፣ እምቦጭ ከሌለበት ቦታ ቅዱ። ዳቦው በእሳት ስለሚበስል ማፍላቱ ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እጅ የሚታጠበው፣ ዕቃ የሚለቀለቀው በዚሁ ውኃ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ከድናችሁ አሳድሩት።

2. ማታ 2 ሰዓት ላይ እርሾውን ጣሉ። ከዱቄቱ 1 ኪሎ፣ ከውኃው 1 ሊትርና እርሾውን ቡሃቃ ውስጥ በጥብጡ። ቀጭን ይሁን፣ ግድ የለም። ጨው አሁን አትጨምሩ፤ ጨው የእርሾውን ሥራ ያዘገየዋል። ከድናችሁ ነፋስ በማይደርስበት ቦታ አሳድሩት። ማሳደሩ ጣዕሙን ይሰጠዋል፣ ዳቦውም ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። በደረቅ እርሾ የምትሠሩ ከሆነ ማታ ከ2ቱ ማንኪያ ላይ 1 የሻይ ማንኪያ ብቻ ጨምሩ፣ ቀሪውን ለጠዋት አቆዩት።

3. ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ አቡኩ። ያደረው ቡኮ አረፋ ይዞ፣ ደስ የሚል ጎምዛዛ ሽታ ሊኖረው ይገባል። ቀሪውን 3 ኪሎ ዱቄት፣ ጨውን፣ ቅመሙንና ግማሽ ብርጭቆ ዘይት ጨምሩበት። 1 ሊትር ተኩል ለብ ያለ ውኃ ጥቂት በጥቂት እያፈሰሳችሁ አሹት። ውኃው ጣት ሲገባበት ለብ ማለት እንጂ ማቃጠል የለበትም፤ ትኩስ ውኃ እርሾውን ይገድለዋል። ዱቄቱ ከነገለባው ከሆነ ተጨማሪ አንድ ብርጭቆ ይጠጣል።

ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አሹት። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እየተቀባበለ ቢያሽ አይደክምም። ሊጡ በቃው የሚባለው ሲጎትቱት ሳይበጠስ ሲለጠጥና ከገበቴው ሲላቀቅ ነው። የድፎ ሊጥ ለስላሳ ነው። እጅ ላይ ትንሽ ከተጣበቀ ዱቄት አትጨምሩበት፣ እጃችሁን ዘይት ቀቡ። ዱቄት የበዛበት ድፎ እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

4. ኩፍ እንዲል ተዉት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት አቆዩት። እጥፍ ሲሆን ደርሷል። ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እዩ። በከፍታ ቦታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጥ ቶሎ ነው የሚነፋው። ፀሐይ ከወጣች ደግሞ ይብሳል። በጣት ጫን አድርጉት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ከናካቴው ካልተመለሰ አልፎበታል፤ በፍጥነት አሽታችሁ፣ ግማሽ ሰዓት አሳርፋችሁ ወደ ምጣድ ውሰዱት።

ከአንድ በላይ ድፎ ካላችሁ ሊጦቹን በአንድ ጊዜ አታቡኩ። ምጣድ አንድ ብቻ ከሆነ ቀጣዩን ሊጥ ከፊተኛው አንድ ሰዓት ከሩብ አዘግዩት።

5. ጉልቻውን ከነፋስ ከልሉ። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ እሳቱን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ያኔ ዳቦው ግማሹ አርሮ ግማሹ ጥሬ ይሆናል። በሐይቁና በእሳቱ መካከል የሚቆም የድንጋይ አጥር፣ የአፈር ግንብ ወይም የቤት ግድግዳ ፈልጉ። የሣር ክዳን ካለው ቤት ግን ራቁ። ለጉልቻ የምትጠቀሙት ድንጋይ በፊትም እሳት ላይ የነበረ ደረቅ ድንጋይ ይሁን። ከውኃ ዳር የተነሳ ድንጋይ ውስጡ እርጥበት ስላለው ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት፤ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል።

6. እሳቱን በሁለት ቦታ አንድዱ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ዳቦ የሚበስለው በፍም ነው፤ ነበልባል ያሳርረዋል። ስለዚህ ከምጣዱ ሁለት ሜትር ራቅ ብላችሁ አንድ ትልቅ የፍም ማዘጋጃ እሳት አንድዱ። እንጨቱ እዚያ ይነድዳል፣ ፍሙ በአካፋ ወደ ጉልቻው ይመጣል። አንድ እንዲህ ያለ እሳት ለሦስት ምጣድ ይበቃል። ድፎ በሚደፋበት ሰዓት ፍም በቂ እንዲሆን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነደድ አለበት።

እንጨቱን በተመለከተ፦ ግራርና ወይራ ፍማቸው ይቆያል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይነድዳል፣ ፍሙ ግን ቶሎ አመድ ይሆናል፤ ለማቀጣጠል ተጠቀሙበት። ኩበት ቀስ ያለና የማይዋዥቅ ሙቀት ስላለው ከምጣዱ ሥር ግሩም ነው። ቅንጭብና ቁልቋል በፍጹም አታንድዱ፤ ወተታቸውም ጭሳቸውም መርዛማ ነው። ቀለም የተቀባ ጣውላም እንዲሁ። የገዳም ዛፍ አይነካም፤ የወደቀ ቅርንጫፍ እንኳ ቢሆን አስፈቅዳችሁ አንሱ። ደሴት ላይ እንጨት ውድ ነው። የምታነዱትን ይዛችሁ ብትሻገሩ ወይም ከነዋሪው ገዝታችሁ ብትጠቀሙ ይመረጣል።

7. ኮባውን አዘጋጁ። ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ወፍራሙን የመሃል አጥንት በቢላ አሳሱት። ከዚያ እያንዳንዱን ቅጠል በፍም ላይ አሳልፉት። ቀለሙ ጠቆር ብሎ ሲያብለጨልጭ ለስልሷል ማለት ነው። ያልተለበለበ ኮባ ሲታጠፍ ይቀደዳል። በተቀደደበት በኩል ሊጡ ይወጣና ምጣድ ላይ ይጣበቃል።

8. ምጣዱን በቀስታ አግሉ። ሸክላ በአንድ ጊዜ ብዙ እሳት ካገኘ ይሰነጠቃል። በትንሽ ፍም ጀምሩና በ20 ደቂቃ ውስጥ ጨምሩ። ሙቀቱን ለማወቅ አንድ ቁንጥር ዱቄት ምጣዱ ላይ በትኑ። ወዲያው ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፣ ፍም አውጡ። ቆይቶ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ምንም ካልሆነ ጠብቁ። የላይኛውም ምጣድ በዚህ ጊዜ ለብቻው ይጋል፤ ቀዝቃዛ ክዳን የዳቦውን ፊት ነጭ ያስቀረዋል።

ከዋናው ሊጥ በፊት እፍኝ የምታህል ሊጥ በቅጠል ጠቅልላችሁ ብትጋግሩ ደግሞ እሳቱ ራሱ ይነግራችኋል። ልጆቹም ቁርስ ያገኛሉ።

9. ሊጡን ድፉ። ቅጠሎቹን እርስ በርስ እያነባበራችሁ ምጣዱ ላይ አንጥፉ። ጫፋቸው ከጠርዙ ወደ ውጭ በሰፊው ይትረፍ። ዘይት ቀቡ። ሊጡን በሁለት እጅ አንስታችሁ መሃል ላይ አድርጉና በውኃ በራሰ እጅ ወደ ዳር ዳር አስፉት። መሃሉን ከዳሩ ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ ሲበስል ይስተካከላል። ለ10 ደቂቃ አሳርፉት። ከዚያ የተረፈውን ቅጠል ወደ ላይ አጥፋችሁ፣ ተጨማሪ ቅጠል አልብሳችሁ ክደኑት። ይህን ሁሉ የምታደርጉት ከምጣዱ ሥር ያለውን ፍም ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ ነው፤ አለበለዚያ ፊቱ ሳይስተካከል ታቹ ይበስላል።

10. ከላይና ከታች እሳት ስጡት። ፍሙን ከሦስት ክፈሉት። አንዱ እጅ ከታች፣ ሁለቱ እጅ ከላይ። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚሄድ ከታች ያለው ትንሽ ፍም ብዙ ይሠራል፤ ከላይ ያለው ግን ወደ ታች የሚልከው ጥቂቱን ነው። የታችኛውን ፍም በዳር በዳር ክብ አድርጉት። መሃል ላይ አትቆልሉ። የላይኛውንም እንዲሁ በእኩል በትኑት።

11. ጠብቁ፣ አትክፈቱ። የመጀመሪያዎቹን 40 ደቂቃ ክዳኑን አታንሱ። ሊጡ ገና እየተነሳ ነው፤ ሙቀቱና እንፋሎቱ ካመለጠ ድፎው ይወርዳል። የእሳቱ ሰው በየ15 ደቂቃው ከላይ ያለውን አመድ ጠረግ እያደረገ አዲስ ፍም ይጨምር። አመድ ሙቀት ይከልላል። በአንድ በኩል ነፋስ ካለ ምጣዱን በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ በሩብ ዙር አዙሩት።

12. መብሰሉን አረጋግጡ። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። በጠርዙ የሚወጣው እንፋሎት ይቀንሳል፣ የዳቦው ሽታ የእንጨቱን ጭስ ያሸንፋል። ያኔ ክፈቱ። ቀጭን ንጹሕ ስንጥር መሃሉ ላይ እስከ ታች ስጉበት። ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። ፊቱን በጣት ስትመቱት ባዶ ነገር የተመታ ዓይነት ድምፅ መስጠት አለበት። ታቹ በስሎ ፊቱ ከቀረው የታችኛውን ፍም ሙሉ በሙሉ አውጡና በላይኛው ብቻ ጨርሱት።

13. አውጥታችሁ አሳርፉት። ሁለት ሰው ሆናችሁ ሰፌድ ላይ ገልብጡት። ከላይ ያለውን ኮባ ግለጡ፣ የታቹ ይቆይ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ተኩል አሳርፉት። ውስጡ ገና እየበሰለ ነው። ትኩሱን ከቆረጣችሁት መሃሉ ይጨማለቃል፣ የቀረው ደግሞ በአንድ ቀን ይደርቃል። ለማኅበር ወይም ለዝክር ከሆነ ካህኑ ባርኮ እስኪቆርሰው ድረስ ሙሉውን ይቆያል። ስለዚህ የመጨረሻው ድፎ የሚወጣበትን ሰዓት ከጸሎቱ መጨረሻ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ወስኑ።

14. እሳቱን አጥፉ። ፍሙን በትናችሁ አሸዋ አልብሱት፣ ከዚያ ውኃ አፍስሱ። የጋለ ሸክላና የጋለ ጉልቻ ላይ ግን ውኃ አታፍስሱ፤ ይሰነጠቃሉ። የተዋሳችሁትን ምጣድ ሲቀዘቅዝ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ መልሱ። አንድ ቁራሽ ዳቦ አብሮት ቢሄድ ወግ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- የቆርቆሮ ክዳን አትጠቀሙ። ቤት የሚከደንበት ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ነው። ፍም ሲሸከም የሚወጣው ጢስ ያሳምማል።
- ፍም የተሸከመ ክዳን ብቻችሁን አታንሱ። ሁለት ሰው፣ ነፋሱ ከጀርባው እንዲመጣ ቆሞ ያንሳ። ረጅም ነጠላና ሰፊ እጅጌ እሳቱ አጠገብ አይጠጋ።
- በተዘጋ ቤት ውስጥ በፍም አትጋግሩ። ዝናብ ቢመጣ እንኳ በርና መስኮቱ ክፍት ይሁን። ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል።
- ጾም ከሆነ ወተትና ቅቤ አይገባም፤ ከላይ ያለው አሠራር እንዳለ ለጾም ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

ታቹ አርሯል፣ መሃሉ ጥሬ ነው። ከታች ፍም በዝቷል ወይም ነበልባል ነበረ። ለሚቀጥለው የታችኛውን ፍም በግማሽ ቀንሱ። ያረረውን ፈግፍጋችሁ፣ መሃሉን ቆርጣችሁ በቅጠል ጠቅልላችሁ ፍም ዳር ብታስቀምጡት ይበስላል።

ድፎው ከባድና ጠፍጣፋ ሆነ። ሦስት ምክንያት አለው። ዱቄት በዝቶበታል፣ እርሾው ሞቷል፣ ወይም ክዳኑ ያለ ጊዜው ተከፍቷል። ያደረው ቡኮ ጠዋት አረፋ ካልያዘ እርሾው አልሠራም ማለት ነው። ያኔ ደረቅ እርሾ ጨምራችሁ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ስጡት። ለዚህ ነው ሁልጊዜ አንድ ፓኬት መጠባበቂያ ይዛችሁ ተሻገሩ የምለው። ደሴት ላይ ሱቅ ፍለጋ አይኬድም።

በጣም ጎመዘዘ። ቡኮው ሞቃት ቦታ አድሯል ወይም ሊጡ ብዙ ቆይቷል። በሚቀጥለው ጊዜ የእርሾውን መጠን በግማሽ ቀንሱ። ሶዳ ጨምራችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ፤ ጣዕሙን ያበላሸዋል።

ጭስ ጭስ ይላል። እርጥብ እንጨት ነድዷል፣ ወይም ፍሙ ገና ጭስ እያለው ወደ ምጣዱ መጥቷል። ፍሙ በሙሉ ቀልቶ ጭሱ ሲያልቅ ብቻ አካፋ ይነሳ።

ፊቱ ተሰነጠቀ። ሊጡ ከመከደኑ በፊት ነፋስ አድርቆታል። ፊቱን በእርጥብ እጅ ዳብሳችሁ ወዲያው ቅጠል አልብሱት።

ሲቆረስ ይፈረፈራል። ሊጡ በቂ አልታሸም። እጅ ሲደክም ሰው ቀይሩ እንጂ የማሻውን ጊዜ አታሳጥሩ።